ሐረርን በካሜራ፦ የጁገልና የዙሪያዋ ፎቶ አነሳስ፣ አደቡና አማናው



ሐረር ደርሶ ካሜራውን ወይም ስልኩን ሳያወጣ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። ቀለም የተቀባው ግድግዳ፣ ጠባቡ መንገድ፣ የመስጂዱ ሚናራ፣ በስፌት ያጌጠው የቤት ውስጥ ግንብ ሁሉ ዓይን ይስባል። ሆኖም በየማኅበራዊ ሚዲያው የምናየው የሐረር ፎቶ ብዙውን ጊዜ ባለቤት የሌለው ይመስላል። የትኛው ሰፈር እንደሆነ አይነገርም፤ መቼ እንደተነሳ አልተጻፈም፤ በፎቶው ላይ የሚታዩት ሰዎች ተጠይቀው ይሁን ሳይጠየቁ አይታወቅም።

በዚህ ጽሑፍ ሐረርንና ዙሪያዋን በፎቶ ለማስቀረት ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅመውን እናቀርባለን፦ የትኛው ቦታ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሳ፣ በየቦታው የሚጠበቀው አደብ ምን እንደሆነ፣ ፎቶው ከተነሳ በኋላም ምን ሊደረግበት እንደሚገባ። መነሻችን አንድ ሐሳብ ነው። በሐረር የሚነሳ ፎቶ አማና ነው። ዛሬ የሚነሳው ቤት ነገ ሊፈርስ፣ ሐይቁ ሊደርቅ፣ ማሳው ሊቀየር ይችላል። ያን ጊዜ ምስክር ሆኖ የሚቀረው ፎቶው ነው። ምስክር ደግሞ እውነተኛ መሆን፣ የሰውንም ሐቅ መጠበቅ አለበት።

ከተማዋ ባጭሩ

ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጁገል ይባላል። ነዋሪዎቹ ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ ከተማ ማለት ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደሆኑ ይታወቃል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በግንቡ ውስጥ 82 መስጂዶችና 102 የአውሊያ ቦታዎች እንዳሉ፣ ከመስጂዶቹም ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ እንደሆኑ ገልጿል። ቦታው በአጠቃላይ 48 ሄክታር ብቻ ነው። ይህ ለፎቶ አንሺ ትልቅ ትርጉም አለው። በአንድ ቀን ጁገልን በእግር ማዳረስ ይቻላል፤ በየጥቂቱ እርምጃ ግን ሰው የሚሰግድበት፣ የሚቀራበት ወይም የሚኖርበት ቦታ አለ። ከተማዋ ሕያው ናት። እንደ ሙዚየም ዞሮ ማየትና ማንሳት አይቻልም።

ፎቶ ወደ ሐረር እንዴት ገባ

ሐረር ለረጅም ዘመን ለሌላ እምነት ተከታይ ተጓዦች ዝግ ነበረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ገብቶ አሥር ቀን ያህል ቆይቷል። ያየውንም በጽሑፍና በሥዕል አሳተመ። ግብፆች ከተማዋን ይዘው በነበሩበት ዘመን (ከ1875 እስከ 1885) ደግሞ የውጭ ነጋዴዎች መግባት ጀመሩ።

ከእነሱ አንዱ ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ነው። ራምቦ ከአገሩ ካሜራ አስልኮ እ.ኤ.አ. በ1883 በሐረር ፎቶ አነሳ። በዚያው ዓመት ግንቦት ለእናቱ በላከው ደብዳቤ ውስጥ የራሱን ሦስት ፎቶዎች ጨምሯል፦ አንዱን በቤት ሰገነት፣ አንዱን በቡና ማሳ፣ አንዱን በሙዝ ተክል መካከል። ፎቶዎቹ የነጡትም ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ እንደሆነ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ኦስትሪያዊው ፊሊፕ ፓውሊችኬ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ጣሊያናዊው ሮቤኪ ብሪኬቲም በ1888 ወደ ሐረር መጥተው የከተማዋን ምስሎች ይዘው ተመልሰዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ገና ከመጀመሪያው የሐረር ፎቶ ከተማዋንና በዙሪያዋ ያለውን እርሻ አብሮ ይዟል። ቡናና ሙዝ የሚታይባቸው እነዚያ ምስሎች ዛሬ ጫት ከለበሱት ኮረብቶች ጎን ሲቀመጡ የምድሪቱን ለውጥ ይናገራሉ። ሁለተኛ፣ የቀደሙትን ፎቶዎች ያነሱት የውጭ ሰዎች ናቸው። ምስሎቹም ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ በብዙዎቹ ላይ የሚታየው ሐረሪ፣ ኦሮሞ ወይም ሶማሌ ስሙ አልተጻፈም። ዛሬ ካሜራው በእኛው እጅ ነው። ያንኑ ጉድለት ከደገምነው ጥፋቱ የእኛ ይሆናል።

ፎቶ ማንሳት በሸሪዓ ዓይን

አንባቢዎቻችን ደጋግመው የሚጠይቁት ጉዳይ ስለሆነ ባጭሩ እንንካው። ነፍስ የሌላቸውን ነገሮች፣ ማለትም ተራራን፣ ዛፍን፣ ሕንፃን መሣልና ማንሳት ችግር እንደሌለበት ዑለማዎች ይስማማሉ። ለዚህም ኢብን ዓባስ (ረ.ዐ) ሥዕል መተዳደሪያው ለሆነ ሰው የሰጡት ምክር መሠረት ነው። ሰውየውን ዛፍና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል መክረውታል።

ነፍስ ያለውን በካሜራ ማንሳት ላይ ግን ልዩነት አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶ ጥላን መያዝ እንጂ አዲስ ቅርጽ መፍጠር እንዳልሆነ በመግለጽ እንደሚፈቀድ ጽፈዋል። ከእሳቸው በኋላም ብዙዎች በዚህ ሄደዋል። ከአስፈላጊ ጉዳይ በቀር የከለከሉ ታላላቅ ዑለማዎችም አሉ። ስለዚህ በሐረር መንገድ ላይ «አታንሳኝ» የሚል ሽማግሌ ቢገጥመን ሰውየው የቆመበት አቋም ሊኖረው እንደሚችል ማወቅ አለብን። ክርክር አያስፈልገውም። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ሰላም ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ብርሃንና ሰዓት

ሐረር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ቶሎ ወደ ላይ ትወጣለች። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ብርሃኑ ከአናት ይወርዳል። ነጩ ግድግዳ ይነጣል፣ የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ጠባቡ መንገድም ግማሹ ጨለማ ግማሹ እሳት ይሆናል። ለፎቶ የሚመረጡት ሁለት ጊዜያት ናቸው፦ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ መግሪብ።

ከፈጅር ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት የራሱ በረካ አለው። ሰው ከመስጂድ ይመለሳል፣ የቁርስ ጢስ ከግቢዎች ይወጣል፣ ባጃጁም ገና አልበዛም። እኩለ ቀን ላይ ከቤት ውጪ ለማንሳት ከመታገል ይልቅ የቤት ውስጥ ፎቶ ማንሳት ወይም ሙዚየም መጎብኘት ይሻላል።

ከወቅቶች ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ይመረጣል። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ይጠራል፣ ኮረብታውም አረንጓዴ ይሆናል። በበጋ አቧራ ስላለ ራቅ ያለው ተራራ ይደበዝዛል፤ ለካሜራም መሸፈኛና ለስላሳ መጥረጊያ ጨርቅ መያዝ ያስፈልጋል።

በሮቹና ጠባብ መንገዶቹ

ጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አሏት። በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ አስማዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ አርጎብ በሪና አሱም በሪ ይሏቸዋል። ለመኪና መግቢያ የሆነውና ሐረር በር የሚባለው ስድስተኛው ኋላ የተከፈተ ነው። በፎቶ መግለጫ ላይ ሁለቱንም ስም መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው።

ኤረር በር በምሥራቅ በኩል ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኘዋል። በምዕራብ በኩል ያለው ሸዋ በር ደግሞ ለከሰዓት ይመቻል። በሁለቱም በኩል ገበያ ስላለ በሩን ብቻውን ማግኘት ይከብዳል። እኛ እንዲያውም ከነሰዉ ቢነሳ እንመርጣለን። በር ያለ ገቢና ወጪ ታሪኩ ጎዶሎ ነውና።

ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ ሲወረድ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ይገኛል። «መኪና ግርግር» የተባለው በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው ይባላል። ጨርቁ፣ መኪናውና የሰፊው እጅ ለፎቶ የተመቹ ናቸው። ሥራ ላይ ያለን ሰው ግን አስቀድሞ ሰላም ማለት፣ ሱሪም ቢሆን ማሳጠር፣ ከዚያ መጠየቅ ወጉ ነው።

በጠባብ መንገዶቹ ውስጥ ሰፊ የሚያሳይ ሌንስ (ከ24 እስከ 35 ሚሊ ሜትር) ይጠቅማል። ፀሐይና ጥላ ሲቀላቀሉ ብርሃኑን በደማቁ ግድግዳ መለካት፣ ጥላውን በኋላ ማንሳት ይሻላል። በስልክ ሲሆን ደማቁን ቦታ በጣት ነክቶ ብርሃኑን ትንሽ መቀነስ ነው። የነጣ ግድግዳ ቀለሙ አይመለስም፤ ጥላ ውስጥ ያለው ግን ይወጣል። ካሜራው ሮው የሚባለውን ፋይል የሚይዝ ከሆነ በዚያ ማንሳት ይመከራል።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑ የግቢ በር ክፍት ሲሆን ውስጡ ይታያል። ክፍት በር ግን ፈቃድ አይደለም። ልብስ የምታሰጣ እህት፣ ሒጃቧን ያወለቀች እናት በገዛ ግቢያቸው ናቸው።

የሐረሪ ቤት ውስጥ

«ጌይ ጋር» የሚባለው የሐረሪ ባህላዊ ቤት በፎቶ ከሚፈለጉት ቀዳሚው ነው። ዋናው ክፍል ደረጃ ደረጃ ያላቸው አምስት መደቦች (ነደባ) አሉት። ማን የት እንደሚቀመጥም በእድሜና በክብር የተወሰነ ነው። በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መስኮት መሰል ማስቀመጫዎች ኪታብና ዕቃ ይይዛሉ። ስፌቶቹ በግድግዳው ላይ በሥርዓት ይሰቀላሉ። መደቡ የሚቀባው ቀይ አፈር እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማስታወስ ነው የሚል ትውፊት በከተማዋ ይነገራል።

ቁርኣን በሱረቱ-ኑር ከራስ ቤት በቀር ወደ ሌላ ቤት ሳያስፈቅዱና ለባለቤቶቹ ሰላም ሳይሉ መግባትን ይከለክላል። በሐዲስም ሦስት ጊዜ አስፈቅዶ ካልተፈቀደለት መመለስ ታዟል። ይህ ለካሜራም ይሠራል። ለመግባት የተሰጠ ፈቃድ ለማንሳት የተሰጠ ፈቃድ አይሆንም፤ ለማንሳት የተሰጠውም በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ለመልቀቅ አያገለግልም። ሦስቱ ለየብቻ ይጠየቃሉ። ለእንግዳ ማረፊያነት የሚያገለግሉ ባህላዊ ቤቶች ስላሉ፣ የቤት ውስጥ ፎቶ ብቻ የሚፈልግ ሰው ከእነሱ ቢጀምር ለሁሉም ይቀላል።

የቤቱ ብርሃን በአብዛኛው ከበሩ ይገባል። በሩን ከፍቶ፣ ካሜራውን በትራይፖድ ወይም በመደቡ ጠርዝ አስደግፎ፣ ያለ ፍላሽ ቀስ ብሎ ማንሳት የመደቡን ቀይና የስፌቱን ቀለም ይጠብቃል። ፍላሽ ሲበራ ግን ግድግዳው ይነጣል፤ የመደቦቹም ከፍታ ልዩነት ይጠፋል።

መስጂዶችና የአውሊያ ቦታዎች

ጃሚዕ መስጂድ፣ አረንጓዴ ጉልላት ያለው የአሚር ኑር መቃብርና የሸይኽ አባድር (አው አባድር) ቦታ ከሚጎበኙት ዋነኞቹ ናቸው። የዚያራን ሁክም በተመለከተ በሙስሊሙ መካከል ያለው የአመለካከት ልዩነት የታወቀ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ወደዚያ አይገባም። በየትኛውም አቋም የመጣ ሰው ግን እነዚህ ቦታዎች የከተማዋ ታሪክ ሰነዶች መሆናቸውን ተገንዝቦ፣ ኃላፊዎቹን አስፈቅዶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በትሕትና ያንሳ።

በመስጂድ ውስጥ የሚከተሉትን መጠበቅ ያስፈልጋል።

በሰጋጅ ፊት ማለፍ በሐዲስ የተከለከለ ነው፤ ለፎቶ ተብሎም አይፈቀድም። በሶላት ሰዓት ካሜራ ይዘጋል። ከሶላት በፊት ወይም በኋላ ሚሕራቡን፣ ምሰሶውን፣ ጣሪያውን ማንሳት ይቻላል። የስልኩን የማንሻ ድምፅ ማጥፋት አይረሳ። በዱዓ ላይ ያለን፣ የሚያለቅስን ሰው ማንሳት ደግሞ በእሱና በጌታው መካከል መግባት ነው።

ጥንታዊ ኪታቦችን ለማየት ወደ ሸሪፍ ሙዚየም መሄድ ይቻላል። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ለብዙ ዓመታት የሰበሰቧቸው በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችና ኪታቦች፣ ጌጣጌጦችና ሳንቲሞች በዚያ ይገኛሉ። ኪታብ በፎቶ ለማስቀረት ከተፈቀደ ያለ ፍላሽ፣ በንጹሕ እጅ፣ ገጹን ሳይጫኑ፣ ከሽፋኑ ጀምሮ በተራ ነው የሚነሳው። ወቅፍ መሆኑን የሚገልጸው ጽሑፍና የገልባጩ ስም ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ላይ ስለሚገኝ እነዚያን ገጾች መዝለል አይገባም።

ገበያውና የገበያው ሰዎች

በሐረር ገበያዎች ከተማና ገጠር ይገናኛሉ። ከዙሪያው ኮረብታዎች የሚመጡ ኦሮሞ እናቶች እንጨት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያወርዳሉ፤ ሶማሌና አርጎባም አለ። ልብሱ በቀለም የደመቀ ስለሆነ እንግዳ ካሜራውን ቶሎ ያነሳል።

እኛም አጥፍተናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኤረር በር ገበያ ከእኛ አንዱ ሸክማቸውን አውርደው የሚያርፉ አንዲት እናት ሳያስፈቅድ አነሳ። እሳቸው ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ስበው፣ «ልጄ፣ ዕቃዬን ልትገዛ የመጣህ መስሎኝ ነበር» አሉት። ቃሉ ለሁላችንም ከባድ ነበር። ፎቶውን ፊታቸው አጠፋው፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሎሚ ገዝቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከግማሽ ሰዓት ጨዋታ በኋላ «አሁን አንሳኝ፣ ግን ከልጄ ጋር» አሉት። በሚቀጥለው ጉዞ ያንን ፎቶ አሳጥቦ ወሰደላቸው። የመጀመሪያው ፎቶ ቢቀር ኖሮ የአንዲት የደከሙ ሴት ምስል ብቻ ይሆን ነበር። ሁለተኛው እናትና ልጅ ወደው የቆሙበት ነው።

ለፎቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ከሻጭ ጥቂት መግዛት ደግሞ ለሁለቱም ወገን ክብር አለው። ልጆችን ለማንሳት ወላጅ ይጠየቃል፤ ልጁ ራሱ «አንሳኝ» ማለቱ አይበቃም።

ከግንቡ ውጪ፦ ኮረብታዎቹና ሸለቆዎቹ

ጁገልን በሙሉ ለማየት ከከተማዋ በስተደቡብ ወዳለው የሐኪም ተራራ መውጣት ነው። ከዚያ ግንቡ፣ ሚናራዎቹና የተጠጋጉት ጣሪያዎች አንድ ላይ ይታያሉ። ጠዋት ፀሐይ ከቀኝ በኩል ስለምትገባ የቤቶቹ ጥላ ቅርጻቸውን ያጎላል። ራቅ ያለውን አቅርቦ የሚያሳይ ሌንስ (ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር) እዚህ ይጠቅማል። ከዚሁ ቦታ በየዓመቱ አንድ ፎቶ ማንሳት ከተማዋ እንዴት እየሰፋች እንደሆነ፣ ቆርቆሮው የድሮውን ጠፍጣፋ ጣሪያ የት የት እንደተካው ያሳያል።

ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ የሐረማያ ሐይቅ ቦታ አለ። ሐይቁ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ ነበር። በመስኖ በመሳቡ፣ ለከተሞች በመወሰዱና ከዙሪያው በታጠበ ደለል በመሞላቱ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ነበር። ቅርብ በሆኑ ዓመታት ውኃው መመለስ ጀምሯል፣ አልሐምዱሊላህ። በየቤቱ አልበም ውስጥ በሐይቁ ዳር የተነሳ የሰርግ ወይም የሽርሽር ፎቶ ያለው ሰው ሳያውቀው የአካባቢ ታሪክ ሰነድ ይዟል። ውኃው የት ይደርስ እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነውና።

በዚያው መስመር አወዳይ የጫት ገበያዋ ትታወቃለች። ኮረብታዎቹን ደረጃ ደረጃ ያለበሰው ጫት ለዓይን ያምራል። የቡናውን መሬትና የሐይቁን ውኃ የተሻማውም እሱ ነው። ሐቀኛ የመልክዓ ምድር ፎቶ ሁለቱንም ይናገራል።

በምሥራቅ በኩል ወደ ጅጅጋ ሲኬድ ከባቢሌ ከተማ አለፍ ብሎ የዳካታ ሸለቆ ይገኛል። ነፋስና ዝናብ ለረጅም ዘመን የሸረሸሯቸው ቋጥኞች እንደ ዓምድ ቆመዋል። አንዳንዱ ትልቅ ድንጋይ በትንሽ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አሁን የሚወድቅ ይመስላል። እዚህ የከሰዓት ብርሃን ድንጋዩን ቀይ ያደርገዋል። ትልቅነቱን ለማሳየት ሰው ወይም ግመል አጠገቡ ሲያልፍ ማንሳት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያም በዚሁ አካባቢ ነው። ዝሆን ለማየት ግን ጠባቂና ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ከሐረር ደቡብ ምሥራቅ፣ ከኤረር ሸለቆ በላይ፣ ኮረሚ የተባለች የአርጎባ መንደር በገደል አፋፍ ላይ አለች። ቤቶቿ እንደ ጁገል ቤቶች የድንጋይ ናቸው። ሐረርንና ኮረሚን ጎን ለጎን ያነሳ ሰው የአንድ የግንባታ ጥበብ ሁለት ፊት ያገኛል። በፉኛን ቢራ አጠገብ ያለው አናቱ ጠፍጣፋ የቁንዱዶ ተራራ ደግሞ በላዩ በሚኖሩ የዱር ፈረሶች ይታወቃል።

ወደነዚህ ቦታዎች ከመሄድ በፊት የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው መጠየቅ፣ ከአገሬው ጋር መሄድ፣ በመግሪብ መመለስ ያስፈልጋል። የወታደርና የጸጥታ ተቋማት አይነሱም። ድሮንም ያለ መንግሥት ፈቃድ ማብረር ያስጠይቃል። በጁገል ላይ ድሮን የሚያበር ሰው ደግሞ ከሕጉ በተጨማሪ በሺህ የሚቆጠሩ ግቢዎችን ከላይ እንደሚያይ ያስብ።

ሌሊትና ጅቦቹ

በሐረር ጅብ በየሌሊቱ ወደ ከተማው ይገባል። በግንቡ ሥር ያሉት ክፍተቶችም ለጎርፍ መውጫ፣ ለጅብ መግቢያ ያገለግላሉ። ከግንቡ ውጪ እንግዶች ባሉበት ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። ለእይታ የሚደረገው ማብላት የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዓሹራ ዕለት በአው ሐኪም ቅቤ ያለበት ገንፎ ለጅቦች የማቅረቡ ልማድ ግን ከዚያ ይቀድማል።

ለፎቶው ከመግሪብ በኋላ ገና ሰማዩ ሰማያዊ ሳለ መገኘት ይመረጣል። ለመነሻ አይ.ኤስ.ኦ 3200፣ የሌንስ መክፈቻ ኤፍ 2.8፣ ፍጥነት 1/125 መሞከር ይቻላል። ፍላሽ እንስሳውን ያስደነግጣል፤ የሚያበላውንም ሰው አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ እሱ ሳይፈቅድ አይበራም።

በዓላት

ሸዋልኢድ ከረመዳን በኋላ የሸዋልን ስድስት ቀናት የጾሙ ሐረሪዎች በዚያው ወር የሚያከብሩት በዓል ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ብዙ ሐረሪዎችም ለዚሁ በዓል ወደ ከተማቸው ይመለሳሉ። ዚክሩ፣ ከበሮው፣ የእናቶች ልብስና የወጣቶች ጭፈራ ለካሜራ ብዙ ይሰጣል። በዓሉ ግን ለካሜራ የተዘጋጀ አይደለም። ከሴቶች መቀመጫ መካከል ሴት ፎቶ አንሺ ብትገባ ይመረጣል። ለዚህ ሥራ እህቶቻችን መሠልጠናቸው አስፈላጊ ነው እንላለን።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ

የአማናው ግማሽ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከልምዳችን የሚከተሉትን እንመክራለን።

አንደኛ፣ በዚያው ምሽት መግለጫ መጻፍ። ቀኑ፣ ሰፈሩ፣ የመስጂዱ ወይም የቤቱ ስም፣ ሰውየው ከፈቀደ ስሙ ይመዝገብ። ከአንድ ዓመት በኋላ ጠባቦቹ መንገዶች ሁሉ ይመሳሰላሉ።

ሁለተኛ፣ ቀለምን አለማጋነን። የሐረር ግድግዳ በራሱ ደማቅ ነው። በአፕሊኬሽን የተቀየረ አረንጓዴና ሮዝ ነገ ለዕድሳት ማስረጃ አይሆንም። ከፎቶ ላይ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም የተሰነጠቀ ግንብ ማጥፋትም እንዲሁ ምስክርነቱን ያጎድላል።

ሦስተኛ፣ መመለስ። የተነሳው ሰው፣ የመስጂዱ ኮሚቴ፣ የቤቱ ባለቤት የፎቶው ቅጂ ይድረሳቸው። ግንብ ሲሰነጠቅ ወይም ጣሪያ ሲፈርስ ቀድሞ እንዴት እንደነበር የሚያሳይ ፎቶ ካለ እንደነበረው ለመጠገን ይረዳል። ፎቶው በውጭ አገር ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ግን ለሚጠግነው ሰው አይደርስም።

አራተኛ፣ የድሮ አልበሞችን ማዳን። በቶሮንቶም ሆነ በዋሽንግተን፣ በጅዳም ሆነ በአዲስ አበባ የሐረር ፎቶ ያለበት አልበም የያዘ ቤተሰብ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጦ ማን ማን እንደሆነ ይጠይቅ። በፎቶው ጀርባ በእርሳስ ይጻፍ፣ በስካነር ይገልበጥ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

በ1883 የተነሱት ፎቶዎች በመጥፎ ውኃ ታጥበው ነጡ። የዛሬዎቹ ፎቶዎች በውኃ አይበላሹም። የሚያጠፋቸው ስምና ቀን ማጣት፣ ባለቤቱን አለማስፈቀድ፣ ስልክ ሲሰበር አብሮ መጥፋት ነው። ይህን መከላከል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰላምታ፣ ማስፈቀድ፣ አንድ ማስታወሻ ደብተርና አንድ የታጠበ ፎቶ ይበቃሉ።

አላህ ከተማችንን ሰላም ያድርግልን፤ የተሰጠንን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።